የሴቻ ኪኒን፣ የሲቀላ ኪኒን

የካቲት 3 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን የአሥር ደቂቃ መንገድ በአርባ ደቂቃ ጨረስኩት። ሰው አላሳልፍ ብሎኝ! የሻይ ቤቷ እህት አቅፋ ሳመችኝ፤ የፎቶ ኮፒው ሰውዬ ከወንበሩ ተነሥቶ «ቲቸር አበቡ፣ ጌታ ይመስገን!» አለኝ፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሁለቱንም የበሩን ተካፋች ከፈተልኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር አንዱን ብቻ ነበር የሚከፍትልኝ።

ሁሉም ትናንት ቤተ ክርስቲያን በሰጠሁት ምስክርነት ነው። ባለፈው ሳምንት እንግዳው ወንጌላዊ «የደም ግፊት ያለባችሁ ተነሡ» ሲል ተነሣሁና ጸለየልን። እውነቴን ነው፣ ደረቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ተሰምቶኛል። ትናንት ደግሞ ሲላስ በአዳራሹ ደጃፍ ላይ የምእመናንን ግፊት በነጻ ይለካ ነበር። ሲላስ ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ አሁን እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ክሊኒክ ውስጥ የጤና መኮንን ነው፤ በመዘምራን ቡድናችን ደግሞ ከፊት ይቆማል። የእኔ 120 በ80፣ ልክ የጤነኛ ሰው ሆነ። ሲላስ ጮኸ። እጄን ይዞ መድረክ ላይ አወጣኝ፤ ማይክ ሰጡኝ። «ስድስት ዓመት ግፊት ነበረብኝ፤ ዛሬ 120 በ80!» አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ሊፈርስ ነበር።

ቅዳሜ ማታ፣ ዓርብ ማታ፣ እንዲያውም ስድስት ዓመት ሙሉ በየማታው የምውጣትን የግፊት ኪኒን፣ አምሎዲፒንን አልጠቀስኩም።

አልዋሸሁም። የጠየቀኝ የለም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ኪኒኔ አልቆ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ሴቻ ውስጥ ስንት ፋርማሲ እያለ በባጃጅ ቁልቁል መውረድ! ግን የሴቻ ባለ ፋርማሲዎች ግማሾቹ ከእኛ ጋር ይዘምራሉ፣ ግማሾቹ ልጆቻቸውን አስተምሬአለሁ። ሲቀላ ያለችው ሙባረካ ግን እኛ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደተባለ የምትሰማበት መንገድ የለም። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው እዚህ ነግደው አሳደጓት፤ ዕቃዋን በሥርዓት የምትደረድር፣ ጥያቄ የማታበዛ ልጅ ነች።

«የወር ልስጥዎት እናቴ?» አለችኝ።

«የሃያ ቀን ይበቃኛል» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ሲያንስ ኃጢአቱም የሚያንስ መስሎኝ ይሆናል።

ስወጣ የጸሎት ቤታችን አንዲት እህት ፊት ለፊት ገጠመችኝ። ተመልሼ ገባሁና ያገኘሁትን ጥጥ ሁሉ ገዛሁ። ቤቴ ውስጥ አሁን አራት ጥቅል ጥጥ አለ።

ኪኒኖቹን ከሽፋናቸው አውጥቼ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ጨመርኳቸው። ነጭ በነጭ። መምህርት ቤት ጠመኔ ቢገኝ ማን ምን ይላል?

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ዘሪቱ ጠዋት መጣች። ጎረቤቴም ጓደኛዬም ነች፤ ከኦቾሎ ወርዳ እዚህ ስትኖር ሃያ ሁለት ዓመቷ፤ ገበያ ላይ የሽፈራው ቅጠል ትሸጣለች። እሷም እንደኔ ባለ ግፊት ናት። ሁለታችንም በአንድ ሳምንት ነው የታወቀብን፤ እንደ መንታ እንሳሳቅበት ነበር። ወንጌላዊው ሲጸልይም አብራኝ ተነሥታለች።

«ሲለቅሽ ምን ተሰማሽ?» አለችኝ።

«ሞቀኝ» አልኩ።

«እኔንም ሞቆኝ ነበር እኮ!» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ፊቷ እንዴት በራ!

የካቲት ነው፣ አርባ ምንጭ ነው፣ ሙቀት ያልተሰማው ማን አለ? ይህን ግን አላልኳትም። ወዲያው ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ጉድ በል ሴቻ! አቶ ዳና አንድ ሙሉ የሙዝ ዘለላ ላከልኝ።

አቶ ዳና የምዕራብ ዓባያ ሰው ነው። የመሰከርኩ ለት ከእነሱ መዘምራን ጋር እንግዳ ሆኖ መጥቶ ከኋላ ወንበር ሞልቶ ተቀምጦ ነበር፤ ድምፁ እንደ ወፍጮ ወፍራም ነው። ሚስቱ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፤ እኔም ባሌን ከቀበርኩ ዘጠኝ። ዕድሜው ስድሳ አንድ፣ የሙዝ ማሳ አለው፣ ሲስቅ ትከሻው ቀድሞ ይስቃል። ይህን ሁሉ በአንድ እሑድ እንዴት አጠናሁት? ካርታ ማንበብ ሥራዬ ነው።

ዘለላውን ያመጣችው እህቱ ናት። ውሃ ላመጣላት ወደ ጓዳ ስገባ ለቡና ለመጣችው ዘሪቱ እንዲህ ስትላት ሰማሁ፦ «ጤነኛ ሴት ናት፤ ግፊቷንም ጌታ ነቅሎላታል። ወንድሜ ሦስት ዓመት ሙሉ ታማሚ አስታሟል፤ ከእንግዲህስ ይብቃው።»

የጠመኔው ካርቶን መደርደሪያው ላይ ነበር። ወደ ኋላ ገፋ አደረግኩት።

ሙዙ ግን ሲጣፍጥ! አራት በላሁ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ሆዴን ሳምንቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ከርሞ ዛሬ ሲላስ ክሊኒክ ሄድኩ። መረመሩኝ፤ ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው ተባለ። ግማሽ አገር ያለበት ነው አለ ሲላስ፤ አይጨነቁ ማለቱ ነው።

ከዚያ ቅጹን ያዘ። «የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» ብሎ ጀመረና ራሱ ሳቀ። «ምን እጠይቅዎታለሁ ቲቸር፣ እኔው አይደለሁ የለካሁዎት!» ብሎ «የለም» ብሎ ጻፈ። ከጎኑ ነርሷ ተቀምጣለች። እሷም ያን እሑድ እልል ብላለች። ሲላስ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር፤ ያን ደስታ በምን አንጀቴ ላፍርስበት?

ሦስት ዓይነት ሰጠኝ፣ ለአሥራ አራት ቀን፦ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ እና የአሲድ መቀነሻ። ጠዋትና ማታ። ከአምሎዲፒኗ ጋር ማታ ማታ መዳፌ ላይ ይሞላል። ዛሬ ማታ ሁሉንም በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኩ።

ተጠየቅኩ ማለት ነው? ጠያቂው ራሱ ከመለሰ አልተጠየቅኩም።

የካቲት 16፣ እሑድ

አፌ ሚስማር የላስኩ ያህል ይመርራል። መዝሙር ላይ ግን ድምፄ አማረ። አቶ ዳና መጥቶ ነበር! ከምዕራብ ዓባያ ድረስ፣ በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ፈንታ። «መንገድ ላይ ነበርኩ» አለኝ። ወደየት ነው መንገዱ? አልጠየቅኩትም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

የምጽፈው በሁለት ክፍለ ጊዜ መሃል ነው። ጠዋት ሰሌዳ ላይ የስምጥ ሸለቆን ስስል ዓባያና ጫሞ አንድ ሐይቅ ሆነው ታዩኝ። ሰሌዳውን ያዝኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። የዳና መልእክት የደረሰኝ ልክ ክፍል ከመግባቴ በፊት ነበር፦ «እንደምን አደሩ? ሙዙ አለቀ?» ይኸው ነው ጠቅላላው። እና ዞረብኝ!

በሃምሳ ሰባት ዓመት! የልጅ ልጅ ማቀፊያ ዕድሜ ላይ! ባሌን ሳገባ እንኳ እንዲህ አላዞረኝም፤ ጌታ ነፍሱን ያሳርፍና።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

እሑድ የማደርገው አዲሱ ጫማ እምቢ አለ። ሳምንት ሳይሞላው እግሬ ከየት አደገ? ቁርጭምጭሚቴን ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ሙዝ አበዛሁ መሰለኝ። ወይ ሙቀቱ ነው።

ዘሪቱ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ አሰረች። «ራሴ ይመታኛል» አለች። «ፀሐይ ላይ ስለምትውይ ነው» አልኳት። «መድኃኒትሽን ግን...» ብዬ ጀምሬ ነበር። «እ?» አለች። የውሃው ጀሪካን ሞልቶ ሲፈስ ሰማንና ሮጥን።

ተመልሼ ልጠይቃት እችል ነበር። ነገ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

እግዚአብሔር ሆይ፣ አንተ ደግሞ ቀልደኛ ነህ!

ዛሬ ልምምድ ላይ ሲላስ መለኪያውን ይዞ መጣ። «እስቲ ቲቸር፣ ጸንቶ እንደሆነ እንይ።» ለካ። ደገመ። «98 በ60!» አለ። «የሯጭ ግፊት ነው ቲቸር! ያዞርዎታል እንዴ?» «ኧረ እኔ!» አልኩ። የሚያዞረኝን ሰው ስም ለሲላስ ልነግረው ነው?

ስድስት ዓመት ስውጥ ከ120 ወርዶ አያውቅም። ስለዚህ ተፈውሻለሁ! የመሰከርኩት ያን ቀን እውነት ባይሆን ዛሬ እውነት ሆነ። ትንሽ ቀደም ብዬ መሰከርኩ፣ ሌላ ምን አጠፋሁ? ቤት ስገባ ብቻዬን ጮቤ ረገጥኩ፤ ሦስት ጊዜ ዘልዬ አራተኛው ላይ ሁሉ ነገር ጠቆረብኝና አልጋው ላይ ወደቅኩ። እዚያም ሆኜ ሳቅኩ።

ሲላስ ቁጥሩን በመዘምራኑ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። ስልኬ እስካሁን «አሜን» «አሜን» ይላል። የዘሪቱ ስልክ ቴሌግራም ስለሌለው ራሴ ሄጄ ነገርኳት። እጆቼን ይዛ አለቀሰች።

አምሎዲፒኗን ማቆም ነበረብኝ፣ አይደል? ከተፈወስኩ? ማታ ካርቶኑን ከፍቼ ብዙ አየኋት። ከዚያ ዋጥኳት። ለጥንቃቄ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ሁለተኛው መዝሙር ላይ ወደቅኩ። መድረክ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት። አዳራሹ «ሃሌሉያ!» አለ። መንፈስ ነው ብለው እልልታውን አቀለጡት፤ ዘሪቱ ከሁሉም አብልጣ። እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ የጣሪያውን ቆርቆሮ እየቆጠርኩ «ተነሺ አበቡ» እላለሁ፤ እግሬ ግን የሌላ ሰው ነው።

በዚያ ጩኸት መሃል አንድ ሰው ብቻ ውሃ ይዞ መጣ። ዳና። «ቁርስ በልተዋል?» አለኝ በጆሮዬ። ድምፁ እንዴት ወፍራም ነው!

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ሆኜ ነው የምጽፈው። ክንዴ ላይ ውሃ ተሰቅሏል፤ የምጽፈው በቀኜ ስለሆነ እግዜር ይስጣቸው በግራዬ ነው የሰቀሉት። ትናንት ምን እንደሆነ በተራ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ማሳመር እጀምራለሁ።

ኪኒኔ አለቀ፤ ሲቀላ ወረድኩ። ባጃጁ ቁልቁል ሲጠማዘዝ ከተማው አብሮኝ ተጠማዘዘ። ሙባረካ በር ላይ ስታየኝ የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች።

«እናቴ፣ ይቀመጡ እስቲ። እግርዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ሙዝ ነው» አልኳት።

ለካችኝ። በሌላው ክንዴ ደገመች። 78 በ46። እኔ ደግሞ እንደ ጅል ፈገግ ብዬ፣ «አየሽ፣ ተፈውሼ እኮ ነው!» አልኳት።

አልሳቀችም። «ከአምሎዲፒን ሌላ ምን እየወሰዱ ነው?»

ይኸው ጠየቀች። ቁጭ ብላ፣ ዓይኔን እያየች፣ መልሱንም ራሷ ሳትጽፍልኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ የሲላስን ኪኒኖች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። አንዷን ሽፋን አነሣች። «ክላሪትሮማይሲን» አለችና ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አምሎዲፒን ሥራዋን ስትጨርስ ጉበት ይሰባብራታል። ይህ የጨጓራው መድኃኒት ግን ያንን የጉበት ሥራ ያግደዋል። የትናንቷ ሳትወጣ የዛሬዋ ትደረባለች፣ የነገዋ ደግሞ በዚያ ላይ። «አንድ እየዋጡ ነው፤ ሰውነትዎ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ነው። ማዞሩም፣ እብጠቱም፣ መውደቅዎም ከዚህ ነው። ኩላሊትንም ይጎዳል። ይህን የሰጡዎት ሰዎች ግፊት እንዳለብዎ አያውቁም?»

«አያውቁም።»

«ቢያውቁ ሌላ ይሰጡዎት ነበር እኮ። ለምን አልነገሯቸውም?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኛ ጴንጤዎች ብቅል ስለማንቀምስ ሆዳችን ያባው ሆዳችን ውስጥ ይከርማል። እኔ ግን ያን ጊዜ ያለ ብቅል ሁሉንም ለቀቅኩት፤ ወንጌላዊውን፣ ማይኩን፣ የጠመኔውን ካርቶን፣ ጥጡን። ሙባረካ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «እኔ ደግሞ ጥጥ የሚያበዙት ትራስ እየሠሩ መስሎኝ ነበር» አለች። እዚያ ላይ ሁለታችንም ሳቅን፤ ስስቅ ጥቁር ሆነብኝ፤ ሱቋን ዘግታ በባጃጅ እዚህ አመጣችኝ።

ሐኪሙ ሁለቱንም አስቆሙኝ። ባክቴሪያውን በሌላ መድኃኒት እንጨርሰዋለን፣ ግፊቱንም ከፍ ሲል እንመለስበታለን አሉ። ኩላሊቴ ትንሽ ተቆጥቷል፤ ይመለሳል ብለዋል። «ሁለት ቀን ብትዘገዪ...» ብለው አልጨረሱትም።

አልተፈወስኩም ማለት ነው። የገረመኝ እሱ አይደለም። በደስታ ዞረብኝ ስል የከረምኩት በመድኃኒት ነበር፤ አሁን ውሃው ሲገባልኝ ማዞሩ እየለቀቀኝ ነው፤ ዳናን ሳስበው ግን ያው ነኝ። ስለዚህ ቢያንስ ከሁለቱ አንዱ በሽታ የኪኒን አይደለም!

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ዘሪቱ የቡላ ገንፎ ይዛ መጣች። ሻሹ ግንባሯ ላይ ነው። ማንኪያውን ስታቀብለኝ ከእጇ ወደቀ። አነሣችው፤ እንደገና ወደቀ። «ከጠዋት ጀምሮ ጣቴ ይደነዝዛል» አለች፣ እንደ ቀልድ።

ያኔ ገባኝ። ገባኝ ብዬ እዋሻለሁ እንዴ? ከገባኝ ቆይቷል። ያን ሐሙስ ጀሪካኑ ሲፈስ ያውቅ ነበር ልቤ።

«ዘሪቱ፣ እኔ ኪኒኑን አላቆምኩም ነበር።»

«የቱን ኪኒን?»

«የግፊቱን። አንድ ቀንም አላቆምኩም። ያን ቀን ስመሰክርም በዋዜማው ውጬ ነበር።»

ሳህኑን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ግን አቆምኩ» አለች።

«መቼ?»

«የመሰከርሽ ለት። ማታውኑ። ሽንት ቤት ጣልኩት።»

ሃያ አምስት ቀን። ነርሷን ጮኼ ጠራሁ። ዘሪቱ «ተይ፣ አያስፈልግም» ትላለች፤ እኔ እጇን አልለቅም ብዬ ያዝኩ። ነርሷ መጥታ ለካቻት፦ 214 በ126። ሐኪም ልትጠራ ሮጠች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ አስተኟት።

አሁን ጎን ለጎን ነን። የእኔ ወርዶ አልወጣም፣ የእሷ ወጥቶ አልወርድም አለ። ነርሷ ልታስቀን ብላ «ሁለታችሁን ደባልቆ እኩል ማካፈል ነበር» አለች። ዘሪቱ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለግድግዳው እንዲህ አለች፦ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንቺ ያልሽውን ነው የማምነው።»

የካቲት 28፣ ዓርብ

የዘሪቱ ወረደ፤ 160። ጣቷ ተመለሰላት። ጭንቅላቷ ውስጥ የፈሰሰ ነገር እንደሌለ ሐኪሙ አይተው ነገሯት፤ ለእኔ አልነገረችኝም፣ ለነርሷ ስትደግምላት ሰማሁ። አልቅሼ አመሰገንኩ። እሷ ዛሬ ከሰዓት ወጣች። «ቻው» እንኳ አላለችኝም። የገንፎውን ሳህን ግን ትታልኝ ሄደች።

ዳና መጣ። ሙዝ ይዞ! እንዳይቋረጥብኝ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፦ ግፊት አለብኝ፣ ኪኒን እውጣለሁ፣ ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ፣ የመሰከርኩት ጎደሎ ነው፣ ዘሪቱን ልገድላት ነበር፣ አንተም ታማሚ ማስታመም በቅቶሃል፣ ሂድ። «አንተ» ብዬዋለሁ፤ ሲያልፍ ነው የታወቀኝ።

ሙዝ ላጠ። ግማሹን ሰጠኝ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትውጪው?»

«ማታ ሦስት ሰዓት።»

«እኔ ሁለት ሰዓት ላይ እተኛለሁ» አለ፣ በጣም አዝኖ። ትንሽ አሰበ። «ሁለት ሰዓት ቢሆን ይጎዳል?»

ሐኪሙን ጠየቅን። አይጎዳም።

ከዚያ ትከሻው ወደቀና፣ «ዋሽተሽ ብታገቢኝ ግን ይጎዳ ነበር» አለ። ሳይቆጣ ነው ያለው። ከቁጣ ይልቅ ይህ ዘለቀኝ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ወጣሁ። ሲላስ ቤቴ ድረስ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቲቸር፣ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «ጠይቀሃል፤ መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አልኩት። «አይደለም፤ ጠይቄ ሳልጨርስ ነው የመለስኩት» አለ። ሁለታችን ጥፋቱን እየተሻማን ሻይ ጠጣን።

ነገ ማይኩን አስይዙኝ አልኩት። «ምን ይላሉ?» አለኝ። አላውቅም።

ፈራሁ። ሃምሳ ተማሪ ፊት ሃያ ዘጠኝ ዓመት የቆመ ሰው ይፈራል? ይፈራል።

የካቲት 30፣ እሑድ

መሰከርኩ። አጭር ነበር። «ያን ቀን የተናገርኩት ቁጥር እውነት ነው። ግን በዋዜማው የግፊት ኪኒን ውጬ ነበር፤ እሱን አስቀረሁባችሁ። ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ። እኔን የፈወሰኝ በዚያ ቀን አይደለም። ግፊት አለብኝ፣ ኪኒን እወስዳለሁ፣ ሳልናገር በመቅረቴ እኔም ሌላ ሰውም ልንሞት ነበር። በእኔ ምክንያት መድኃኒት ያቆመ ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ። ይቅር በሉኝ።»

እልል ያለ የለም። ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማ ነበር። መጋቢው ተነሥተው ማይኩን ተቀበሉኝ፤ ምን እንደሚሉ ስላልተዘጋጁ «እንጸልይ» አሉ፤ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ዘሪቱ አልመጣችም። ከመድረኩ ስወርድ ለእኔ ወንበር የለቀቀልኝ ዳና ብቻ ነው።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ዛሬ ዘበኛው አንዱን ተካፋች ብቻ ከፈተልኝ። እሰይ!

ከሰዓት በኋላ ግን ደጄ አላርፍ አለ። መጀመሪያ የፎቶ ኮፒው ሰውዬ መጣ። «ለእኔ አይደለም ቲቸር፤ አንድ ዘመድ አለኝ፣ ኪኒኑን ትቶት ነበርና ምን ያድርግ ብሎ ነው።» አስረዳሁት። ከዚያ የሻይ ቤቷ እህት፤ የእሷ ደግሞ «አንዲት ጎረቤት» ናት። ከዚያ ያቺ ሲቀላ ያስደነበረችኝ እህት፣ «የባለቤቴ እናት» ብላ። ለእያንዳንዱ ነገ ሳይል ዛሬውኑ ተለክቶ፣ የሚወስደውን ሁሉ አንድ ላይ በፌስታል ይዞ ሐኪም ጋ እንዲሄድ እነግራለሁ፤ የጨጓራውንም፣ የሳሉንም፣ የባህል ቅጠሉንም፣ አንዱንም ሳይተው። ሲመሽ ስድስት ሆኑ። ስድስት «ዘመድ»! አንዳቸውም ስለ ራሳቸው አልመጡም፤ የሁሉም ጆሮ ግን ቀልቷል።

ስድስተኛዋን ሸኝቼ ሳስበው መሣቄን አቆምኩ። እነዚህ የመጡት ናቸው። ያልመጣ ስንት አለ?

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ሲላስ ከትናንት ጀምሮ አዳራሹ ደጃፍ ተቀምጦ ይለካል። መጀመሪያ ወረቀት ላይ የሚወስዱትን ሁሉ ይጽፋል፤ «የለም» የሚል ሰው ሲመጣ ዝም ብሎ ያየዋል፤ ሰውየውም የደበቀውን ይናገራል። የዳና ሽማግሌዎች ቅዳሜ ይመጣሉ። ምን እንደምለብስ ሳስብ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ የእሱን ጠራሁ፤ ተማሪዎቹ «ዳና የሚባል የለም ቲቸር!» አሉኝ።

ስገባ ዘሪቱ በሬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በአምስት ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ቁልፉን ገልብጬ ከተትኩት፤ ግፊቴ ደህና ነው፣ ዛሬ 124 ነበር።

«የማንን ልትጠይቂኝ ነው?» አልኳት፣ ስለ «ዘመድ» የጠየቁኝን ስድስቱን አስታውሼ።

«የራሴን» አለች።

ገባች። ከጡቷ ሥር የኪኒን ካርቶን አወጣች፤ አዲሱ የታዘዘላት ነው። ውስጡ በትንሽ በትንሹ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ በሁለት በኩል በደቃቁ የተጻፈ።

«ይቅርታ ለማለት አልመጣሁም» አለች። «ሆዴ ገና አልበረደም። ሲበርድ እነግርሻለሁ።»

«እሺ።»

«አሁን ይህን አንብቢልኝ። ሁሉንም። ምንም እንዳታስቀሪብኝ።»

መነጽሬን አደረግኩ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እየቆምኩ በአማርኛ ተረጎምኩላት፤ የከበደኝን «አላወቅኩትም፣ ሙባረካን እጠይቃለሁ» እያልኩ። የሚያቅለሸልሸውን አነበብኩ፣ የሚያሳብጠውን አነበብኩ፣ ከምን ከምን ጋር እንደማይወሰድ አነበብኩ። ዘሪቱ ጉልበቷን አቅፋ አፌን አፌን ታያለች። ገጹን ስገለብጥ «ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ኧረ ገና ነው» አልኳት፣ ቀጠልኩም።